ምዕራፍ 6፦ ፍራንክ ሲናትራ የተጫወተው መሣሪያ

የፍራንክ ሲናትራ ድምፅ ትልቅ አልነበረም። የኦፔራ ቤት መድረክ ላይ ያለ ማይክሮፎን አቁመን፣ ከፊቱ ሙሉ ኦርኬስትራ ደርድረን ዝፈን ብንለው ኖሮ ቫዮሊኖቹና ጥሩምባዎቹ ይውጡት ነበር። ይህን የምለው ላሳንሰው ብዬ አይደለም። የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን ዓለም አብዝቶ ከሰማቸው ዘፋኞች አንዱ የሆነው ሰው፣ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ በዘፋኝነት እንጀራ መብላቱ ያጠራጥራል።

ዲሴምበር 30 ቀን 1942 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲናትራ ኒው ዮርክ ውስጥ በነበረው ፓራማውንት ቲያትር በቤኒ ጉድማን ባንድ ዝግጅት ላይ ተጨማሪ እንግዳ ሆኖ ወጣ። 27 ዓመቱ ነበር። አዳራሹ 3,600 ያህል መቀመጫ ነበረው። ቀጭኑ ወጣት ብቅ ሲል ልጃገረዶቹ ያሰሙት ጩኸት የባንዱን ሰዎች አስደነገጣቸው። የዘመኑ ጋዜጦች ስለዚያ ጩኸት ብዙ ቀለም አፍስሰዋል። የእኔ ዓይን ግን የሚያርፈው በፎቶግራፎቹ ላይ በሁለት እጁ ጨብጦት በሚታየው ዘንግ ላይ ነው። በዘንጉ ጫፍ ማይክሮፎን አለ። ሲናትራ የተጫወተው መሣሪያ እሱ ነበር።

ከጋራ ማዶ የሚጣራና ጆሮ ላይ የሚያንሾካሹክ

በምዕራፍ 3 ድምፅ ማለት አየር አየርን እየገፋ የሚሄድ ሞገድ እንደሆነ አይተናል። ያኔ ያላነሣነው አንድ ነገር አለ፤ ድምፅ በርቀት እንዴት እንደሚደክም። ከአፍ የወጣው ጉልበት በየአቅጣጫው እየሰፋ ስለሚበተን፣ ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን ጆሮ የሚደርሰው ጉልበት ወደ 1/100ኛ ይወርዳል። አንድ ሜትር ላይ ቁልጭ ብሎ የሚሰማ ንግግር ሜዳ ላይ በ10 ሜትር ርቀት የመቶኛ ድርሻው ብቻ ይቀረዋል።

ከጋራ ማዶ ያለ ጓደኛውን የሚጣራ እረኛ ይህን ሕግ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ስሙን ሲጠራ የመጨረሻውን ፊደል ይጎትተዋል፤ ድምፁን ቀጭንና ስለታም ያደርገዋል፤ ቃላቱን ያሳጥራል። ምክንያት አለው። «አ» እና «ኦ» የመሳሰሉት አፍ ከፍቶ የሚወጡ ድምፆች ጉልበት ስላላቸው ሩቅ ይጓዛሉ። «ስ»፣ «ፍ»፣ «ት» ግን ሸለቆው ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ከጋራ ማዶ ፍቅርን መግለጽ፣ ማባበል፣ ምሥጢር ማካፈል አይቻልም። ና! ሂድ! ዝናብ መጣ! ከዚህ ብዙም አይዘልም። ያው እረኛ ማታ እሳት ዳር ጓደኛው ጆሮ ላይ ሲያንሾካሹክ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። ትንፋሹ ይሰማል። ምላሱ ጥርሱን ሲነካ ይሰማል። ፈራ፣ አዘነ ወይም ሳቁን አፈነ፣ ሁሉም ይታወቃል።

የጥንቱ ዘፋኝ ሁሉ ከጋራ ማዶ የሚጣራው እረኛ ነበር። የኦፔራ ዘፋኞች ከ60ና ከ70 ሰው ኦርኬስትራ በላይ ለመሰማት አስደናቂ ዘዴ አዳብረዋል። ጉሮሯቸውንና የአፋቸውን ውስጥ በተለየ መንገድ እያበጁ የድምፃቸውን ጉልበት በሴኮንድ 3,000 ጊዜ ገደማ በሚርገበገበው ቀጭን ክፍል ላይ ያከማቹታል። በዚያ ክፍል የኦርኬስትራው ድምፅ ይሳሳል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ እዚያ ላይ ንቁ ነው። ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው፤ ለሚያደርጉት ሰዎች ያለኝ አክብሮትም ከፍ ያለ ነው። ዋጋው ግን ግልጽ ነው። ቃሉ ይጎተታል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ሰውየውም የሚያወራ ሳይሆን የሚያውጅ ይመስላል። ባለፈው ምዕራፍ ያየነው ኤንሪኮ ካሩሶ በቀንድ መሰል ጡሩምባ ውስጥ እየዘፈነ ሸክላ ያስቀረጸውም በዚሁ ጉልበት ነው። የዚያን ዘመን መሣሪያ ሹክሹክታ አይሰማም ነበር።

ሽቦው ርቀቱን ሲያጠፋው

በ1925 የአሜሪካ ትልልቅ የሸክላ ኩባንያዎች ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለውን ኩባንያ አዲስ ዘዴ ተቀበሉና በማይክሮፎን መቅረጽ ጀመሩ። በዚያው አሥር ዓመት ሬዲዮ በየቤቱ ገባ። ማይክሮፎን የአየሩን እርግብግብታ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ኤሌክትሪኩን ማጉላት ደግሞ ቀላል ነው። ዘፋኙ ከማይክሮፎኑ አንድ ክንድ ርቆ ቢዘፍን፣ አድማጩም ሌላ ከተማ ሳሎኑ ውስጥ ቢቀመጥ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ ብቻ ነው። ጋራው ጠፋ።

ቀድመው የገባቸው እንደ ሩዲ ቫሊ እና ቢንግ ክሮስቢ ያሉ ዘፋኞች ነበሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማንጎራጎር ጀመሩ። ነገሩ ዛሬ እንደምናስበው እንዲሁ በዝምታ አልታለፈም። በ1932 የቦስተኑ ካርዲናል ዊሊያም ኦኮኔል ይህን የማንጎራጎር ዘፈን በአደባባይ አወገዙ፤ ለእውነተኛ አሜሪካዊ የማይገባ የወረደ ነገር ነው አሉ። ካርዲናሉ አንድ እውነተኛ ነገር ነክተዋል ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ከአንዲት ሴት ጆሮ በስንዝር ርቀት ሆኖ በለሆሳስ ሊያናግራት የሚችለው ባሏ፣ ወዳጇ ወይም ወንድሟ ከሆነ ነው። አሁን ግን አይታው የማታውቀው ወንድ በሬዲዮ እየገባ በዚያው ርቀት ያናግራታል። ሰዎች የደነገጡት በዚህ ነው።

ሲናትራ ያደገው በዚህ ድምፅ ነው። በ1915 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆቦከን በምትባል የወደብ ከተማ ከጣሊያን ስደተኞች ቤተሰብ ተወለደ። አወላለዱ ከባድ ስለነበር አዋላጁ በብረት መቆንጠጫ ሲጎትተው ግራ ጆሮውንና አንገቱን አቁስሎት፣ ጠባሳው ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። በወጣትነቱ የክሮስቢ አድናቂ ነበር። ሥራ ፍለጋ ሲጀምር ከሌሎቹ የሠፈሩ ዘፋኞች የለየው አንድ ንብረት ነበረው፤ የራሱ ማይክሮፎንና የድምፅ ማጉያ። ማጉያ የሌላቸው ባንዶች ዕቃውን ሲፈልጉ ባለቤቱንም አብረው ይወስዱ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይህን እንደ ቀላል ጨዋታ ያልፉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚነግረኝ ነገር ይህ ነው። ሌሎች ማይክሮፎንን መድረክ ላይ ሲያገኙት እሱ ቤቱ ውስጥ ነበረው።

ሲቀርቡት የሚወፍር

አሁን ጥቂት ወደ መሣሪያው ሆድ ዕቃ እንግባ። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የአሜሪካ ሬዲዮና ስቱዲዮ የነገሠው ባለ ጥብጣብ ማይክሮፎን ነው። በሁለት ማግኔቶች መካከል እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ተንጠልጥሏል። ጥብጣቡ ከፊትም ከኋላም ክፍት ነው። የሚያንቀሳቅሰው ከፊት በሚገፋውና ከኋላ በሚገፋው አየር መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ወፍራም ድምፅ ረጅም ሞገድ አለው፤ አንዱ ሞገድ ብዙ ሜትር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሞገድ ከሩቅ ሲመጣ የጥብጣቡን ፊትና ኋላ እኩል ሊባል በሚችል ጉልበት ስለሚገፋቸው ልዩነቱ ትንሽ ነው። መሐንዲሶቹ ይህን ስለሚያውቁ ማይክሮፎኑን ሲሠሩ ለወፍራሙ ድምፅ አስቀድመው ያደሉለታል። አፍ በጣም ሲቀርብ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ቀደም ብለን ያየነው የርቀት ሕግ ሥራ ይጀምራል። ከንፈር ከጥብጣቡ ፊት አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነና ድምፁ ዞሮ ኋላ ለመድረስ ተጨማሪ ጥቂት ሳንቲ ሜትር መሄድ ካለበት፣ የፊቱ ጉልበት ከኋላው በብዙ ይበልጣል። ይህ ትርፍ ልዩነት በወፍራሙ ድምፅ ላይ፣ ቀድሞ በተደረገለት አድልዎ ላይ ይደመራል። ውጤቱም ዘፋኙ በቀረበ ቁጥር ድምፁ እየወፈረና እየሞቀ መሄዱ ነው።

ዘፋኙ እንግዲህ ጉሮሮውን ሳይነካ፣ አንገቱን ወደ ፊት በማዘንበል ብቻ የድምፁን ቀለም መለወጥ ይችላል። ከ40 ሳንቲ ሜትር ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ሲጠጋ ማይክሮፎኑ የሚቀበለው ጉልበት 16 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ድምፁን ዝቅ እያደረገ መቅረብ፣ ከፍ ሲያደርግ መራቅ ይችላል። አድማጭ የሚሰማው የድምፅ መጠን ብዙም ሳይለወጥ ስሜቱ ብቻ ከሹክሹክታ ወደ ጥሪ ይሸጋገራል።

ጣጣም አለው። እጃችሁን ከአፋችሁ ፊት አድርጋችሁ «ፓፓ» በሉ። መዳፋችሁን የመታው ነፋስ ጥብጣቡንም እንደዚሁ ይመታዋል፤ ከማጉያው «ዱም» የሚል ድምፅ ይወጣል። «ስ» ደግሞ ይፏጫል። ሲናትራ እነዚህን ፊደሎች ሲያወጣ ራሱን ወደ ጎን መለስ ማድረግ ወይም ማይክሮፎኑን ዘወር ማድረግ ለመደ። በ1965 ላይፍ መጽሔት ላይ በጻፈው ጽሑፍ፣ ብዙ ዘፋኞች ማይክሮፎን መሣሪያቸው እንደሆነ አልገባቸውም ብሎ ወቅሷል። ለሳክስፎን ተጫዋች ሳክስፎኑ ምን እንደሆነ፣ ለዘፋኝም ማይክሮፎኑ እንደዚያው ነው ባይ ነበር። ዋናው ችሎታ አድማጩ ማይክሮፎን መኖሩን እንዲረሳ ማድረግ እንደሆነም ያምን ነበር።

ከትሮምቦን የተማረው ትንፋሽ

ማይክሮፎን ትንፋሽን ያጋልጣል። ከጋራ ማዶ የሚጣራ ሰው ሲተነፍስ አይሰማም፤ ጆሮ ላይ የሚያወራ ግን በየቃሉ መካከል አየር ቢስብ ንግግሩ ይቆራረጣል። ሲናትራ የዚህን መፍትሔ ያገኘው ከዘፋኝ አይደለም።

በ1940 የትሮምቦን ተጫዋቹን የቶሚ ዶርሲን ባንድ ተቀላቀለ። ዶርሲ ረጅም የዜማ ሐረግ በአንድ ትንፋሽ የተጫወተው እስኪመስል ድረስ ያለ ማቋረጥ ይጫወት ነበር። ሲናትራ ኋላ እንደተናገረው፣ መድረክ ላይ ከዶርሲ በስተኋላ ተቀምጦ የኮቱን ጀርባ ይመለከት ነበር፤ ሲተነፍስ ግን አያየውም። በመጨረሻ ዶርሲ በከንፈሩ ጥግ በትንሽ ቀዳዳ አየር እንደሚሰርቅ ደረሰበት። ከዚያ ሳንባውን ለማስፋት መሮጥና ውሃ ውስጥ ጠልቆ መዋኘት ጀመረ። የቫዮሊኒስቱን ያሻ ሃይፌትዝን አጨዋወትም በትኩረት ያዳምጥ ነበር፤ ቀስቱ አቅጣጫ ሲቀይር ዜማው ለምን እንደማይቋረጥ ለማወቅ።

ይህ የስፖርት ገድል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሌሎች ዘፋኞች ትንፋሽ ሲያልቅባቸው ይቆማሉ፤ ትንፋሹ የሚያልቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በስንኙ መጨረሻ ላይ ነው። ሲናትራ ትርፍ አየር ስላለው ስንኙን አልፎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ የሚያቆመው ሐሳቡ ሲያልቅ ነው። እንደሚያወራ ሰው ማለት ነው። ማይክሮፎኑ ቅርበቱን ሰጠው፣ ረጅሙ ትንፋሽ ደግሞ ያ ቅርበት የሚፈልገውን የንግግር ወግ ሰጠው። አንዱ ያለ ሌላው ብዙም አይረባም ነበር። ሌሎች የሚያንጎራጉሩ ዘፋኞች ነበሩ፤ ሲናትራን የለየው እነዚህን ሁለቱን ማጋባቱ ነው ብል አላጋንንም።

በሜይ 1940 ከዶርሲ ባንድና «ፓይድ ፓይፐርስ» ከተባሉ ድምፃውያን ጋር የተቀረጸው «አይል ኔቨር ስማይል አጌይን» የዚህ የመጀመሪያው ታላቅ ፍሬ ነው። ቀርፋፋ፣ ጸጥ ያለ፣ ሌሊት የሚመስል ዘፈን ነው። ቢልቦርድ መጽሔት በዚያው ዓመት ጁላይ ወር የሸክላ ሽያጭን አገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ አንደኛ ሆኖ የተገኘው ይኸው ዘፈን ሲሆን ለ12 ሳምንት ከቦታው አልተነቃነቀም።

ውድቀቱና የካፒቶል ዓመታት

ስለ ትዳሮቹ፣ ስለ ጠቡ፣ ከወንጀለኞች ጋር ነበረው ስለሚባለው ወዳጅነት የተጻፉ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ እዚህ አልገባበትም። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። በ1950 ኒው ዮርክ ውስጥ ኮፓካባና በተባለው የምሽት ክበብ ሲዘፍን የድምፅ ጅማቶቹ ደምተው ድምፁ ጠፋ፤ ዝም ማለት ግድ ሆነበት። በ1952 ኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ ውሉን ሳያድስለት ቀረ። ብዙ ሰው አበቃለት ብሎ ነበር። በ1953 «ፍሮም ሂር ቱ ኢተርኒቲ» በተሰኘው ፊልም የሠራው ሚና በሚቀጥለው ዓመት የኦስካር ሽልማት አስገኘለት፤ በዚያው 1953 ካፒቶል ሬከርድስ የተባለው የሸክላ ኩባንያ አስፈረመው።

ተመልሶ የመጣው ድምፅ የድሮው አልነበረም። ወፍሯል፣ ትንሽ ሻክሯል፣ ያለፈበት ሁሉ ይሰማበታል። መሣሪያዎቹም ተለውጠዋል። በካፒቶል ፎቶግራፎች ላይ ብዙ ጊዜ ከፊቱ የሚታየው የበርሊኑ ኖይማን ኩባንያ የሠራው ዩ47 ማይክሮፎን ነው፤ ከጥብጣቡ ይልቅ ጥቃቅን ነገር የሚይዝ፣ ሲቀርቡት ግን እንደዚያው የሚወፍር። በምዕራፍ 4 ያየነው የማግኔት ቴፕም ስቱዲዮ ገብቷል። በ1948 የወጣው ረጅሙ ሸክላ ደግሞ በሦስት ደቂቃ ፈንታ በአንድ ፊቱ 20 ደቂቃ ያህል ይይዛል። ዘፋኝ አንድን ስሜት ይዞ ለረጅም ጊዜ ከአድማጩ ጋር መቀመጥ ቻለ። ሲናትራ በ1955 ያወጣው «ኢን ዘ ዊ ስሞል አወርስ» 16 ዘፈኖች ያሉት አልበም ሲሆን ከዳር እስከ ዳር ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ብቸኝነት ነው።

ሙዚቃውን ያቀናበረው ኔልሰን ሪድል ነው። እሱም በወጣትነቱ በዶርሲ ባንድ ትሮምቦን ይጫወት ስለነበር የትንፋሽን ነገር ያውቃል። የሪድል ትልቁ ጥበብ ቦታ መልቀቅ ነው። ለሆሳስ የሚናገር ሰው ዙሪያው ሁሉ ሲያወራ አይሰማም፤ ማይክሮፎን ሊያጎላው ቢችልም ሌሎቹ ድምፆች ይሸፍኑታል። ስለዚህ ሪድል ሲናትራ ሲዘፍን ኦርኬስትራውን ከድምፁ ከፍታ በላይ ወይም በታች ያስቀምጠዋል፤ ሲናትራ ዝም ሲል ይለቀዋል።

በጃንዋሪ 1956 «አይቭ ጎት ዩ አንደር ማይ ስኪን» ሲቀረጽ የሆነውን የትሮምቦን ተጫዋቹ ሚልት በርንሃርት ኋላ ተርኮታል። ነጠላ ጨዋታውን ደጋግመው ቀረጹ። በመጨረሻ የድምፅ ባለሙያው ወደ ሌላ ማይክሮፎን እንዲጠጋ ጠየቀው፤ ማይክሮፎኑ ግን ከፍ ያለ ነበርና አልደረሰበትም። ሲናትራ ራሱ ሄዶ መቆሚያ ሳጥን አመጣለት። ሙሉ ኦርኬስትራ በቆመበት ክፍል ውስጥ የዝግጅቱ ባለቤት ሳጥን ሲሸከም ምን እያሰበ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በአንድ ተጫዋችና በአንድ ማይክሮፎን መካከል ያለው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ምን ዋጋ እንዳለው ያውቅ ነበር። ትሮምቦኑ በዚያ ቅጂ ላይ እንደ እሳት ይነድዳል።

ለእኛ የተረፈው

ሲናትራ ኋላ የራሱን ኩባንያ ሪፕራይዝን አቋቋመ፣ በ1971 ጡረታ ወጣሁ ብሎ በ1973 ተመለሰ፣ በ1993 ከሌሎች ዘፋኞች ጋር «ዱዌትስ» የተባለውን አልበም ሠራ። በዚህ አልበም አጣማሪዎቹ ስቱዲዮ ውስጥ ከእሱ ጋር አልተገናኙም፤ ድምፃቸው ለየብቻ፣ አንዳንዱም በመስመር እየተላከ ተቀላቀለ። በቴክኒኩ የሚደነቅ ሥራ ነው። እኔ ግን አልወደውም፤ ሁለት ሰዎች እየተደማመጡ ካልተነጋገሩ ቅርበት የሚሉት ነገር አይኖርም።

ከመጨረሻዎቹ ትልልቅ ሥራዎቹ እጅግ የማከብረው በ1967 ከብራዚላዊው ሙዚቀኛ አንቶኒዮ ካርሎስ ጆቢም ጋር የሠራውን አልበም ነው። 51 ዓመቱ ነበር፤ ሕይወቱን ሙሉ እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ አልዘፈነም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ቦታ ከንግግር ያንሳል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ፊደል ይሰማል። በጃንዋሪ 1980 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ማራካና ስታዲየም ውስጥ 175,000 ያህል ሰው ፊት ቆመ። ያን ያህል ሕዝብ በጩኸት የሚደርስበት ጉሮሮ አልተፈጠረም።

ዛሬ ሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ በየሬዲዮ ጣቢያውና በየስልካችን የምንሰማው ዘፋኝ ሁሉ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ማይክሮፎኑ ለሁሉም ደርሷል፤ አጠቃቀሙ ግን ለሁሉም አልደረሰም። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ከንፈር ላይ ለጥፎ የሚጮህ ዘፋኝ ሁለቱንም ዓለም ያጣል፤ ጆሮ ላይ ቆሞ ከጋራ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ይሆናል። ድምፁ በዝቶ ስሜቱ ይጠፋል።

ሲናትራ በሜይ 14 ቀን 1998 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ82 ዓመቱ አረፈ። ሥራውን ለመመርመር ለምትፈልጉ አንድ ምክር አለኝ። የ1940ውን ቅጂ፣ ቀጥሎ የ1955ቱን አልበም የመጀመሪያ ዘፈን፣ ከዚያ ከጆቢም ጋር ከሠራቸው አንዱን በጆሮ ማዳመጫ፣ ሌላ ሥራ ሳትሠሩ፣ በተርታ ስሙ። የእንግሊዝኛው ግጥም ባይገባችሁም አይጨንቃችሁ። የት እንደሚተነፍስ ፈልጉ፤ መቼ እንደቀረበና መቼ እንደራቀ ለዩ። እነዚህን ሁለት ነገሮች መለየት ስትችሉ፣ የምትወዷቸውን የራሳችንን ዘፋኞች በዚያው ጆሮ ደግማችሁ አድምጡ።